አደራ የተሰጠኝ ቁጥር

ሰው ለልጅ ልጁ በግ ይጠብቅለታል፤ ማሳ ይጠብቅለታል። እኔ ባለፈው ሐምሌ፣ መዘዞ ጉም ውስጥ፣ ጋቢ ላይ በርኖስ ደርቤ ተቀምጬ የጠበቅኩት ቁጥር ነው። 112 የሚባል ቁጥር። አይታለብ፣ አይሸለት፣ አይታረድ።

የልጅ ልጄ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ነበር። ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ስለሚሰጥ፣ ስልክ ይዞ መግባት ደግሞ ክልክል ስለሆነ፣ ደብረ ብርሃን ሊፈተን ሲሄድ ብርድ ልብሱንና በሶውን ሸክፎ ስልኩን እኔ ጭን ላይ አስቀመጠው። «አባባ፣ አደራ ስትሪኬ እንዳይበጠስ» አለኝ።

እኔ የማውቀው ስትራይክ የ1966ቱን የካቲት ነው፤ ባለታክሲው መኪናውን አቁሞ፣ መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ ንጉሡን ያስደነገጡበትን። «እሱ አይደለም አባባ» አለና አስረዳኝ። እንግሊዝኛ የሚያስተምር አፕ ነው፤ ስሙን እዚህ አልጠራውም። በየቀኑ አንድ ትምህርት ከሠሩ ቁጥሩ በአንድ ያድጋል፣ አንድ ቀን ከዘለሉ ዜሮ ይገባል። ልጁ 112 ቀን ሳይዘል ቆጥሯል። ዐቢይ ጾም ሁለት ጊዜ ተጾሞ ሁለት ቀን ይተርፈዋል ማለት ነው። ዐቢይን አንዴም ጨርሶት አያውቅም።

«በነፃ ነው?» አልኩት። ዓይኑን ወደ ጣሪያ አነሳ። የነፃውም አለ፤ ግን ማስታወቂያ ይበዛበታል፣ ጥቂት ጊዜ ከተሳሳቱም ደጁ ይዘጋል። የከፈለ ሰው ግን እንዳሻው ይሳሳታል። ልብ በሉልኝ፤ ገንዘቡ የሚከፈለው ለማወቅ አይደለም፣ ለመሳሳት ነው። እኔ በዕድሜዬ በነፃ የተሳሳትኩት ተሰብስቦ ቢሸጥ ጣርማ በር ላይ ፎቅ እሠራበት ነበር።

ዋጋው በወር 10 ዶላር ነው። በሐምሌ 2016 የብርን ዋጋ ገበያ ይወስነው ከተባለ ጀምሮ 10 ዶላር ስንት እንደሆነ በየሳምንቱ መጠየቅ ያስፈልጋል። ዶላር የሚቆርጥ ካርድ ደግሞ ከእኛ ሰፈር የለም፤ ስለዚህ ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ጎረምሳ በካርዱ ይከፍልለትና የድካሙን ያነሳል። የዓመቱን ደምሬ ለባለቤቴ ስነግራት «የፋሲካውን ሙክት ነው እንዴ የበላው?» አለች። አዎ፤ ከነቆዳው።

በመጀመሪያው ቀን ቁርሴን በልቼ፣ መነጽሬን ጠርጌ ገባሁበት። «ልጁ ፖም ይበላል» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጻፍ አለኝ። ጻፍኩ። «ፈረሱ ወተት ይጠጣል» ሲል ግን ትንሽ አመነታሁ። እኛ አገር ፈረስ ገብስ ነው የሚበላው፤ ወተት ያጠጣው ሰው አላየሁም። ገብስ የሚለውን ቃል ብፈልግ በ112ቱ ቀን ትምህርት ውስጥ አጣሁት። ባቄላ የለም። ውርጭ የለም። ዝተትማ ከየት ይመጣል! የምድር ውስጥ ባቡር፣ የአየር ማረፊያ ሻንጣ፣ ማታ ማታ ውሻውን የሚያናፍስ ጎረቤት ግን ሞልቷል።

ቀጥሎ በድምፅ ተናገር የሚል መጣ። ስልኩን ወደ አፌ ሳስጠጋው ደጅ የታሰረችው በግ ባ አለች። ስልኩ አረንጓዴ በርቶ አጨበጨበ፤ ግሩም ነው አለ። እኔ አፌን አልከፈትኩም። የመንዝ በግ በጠጉሯ እንጂ በእንግሊዝኛዋ ትታወቃለች ብዬ አስቤ አላውቅም።

ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ዓይናቸው አያይም ነበር። ሠላሳ ልጅ ወይራ ሥር ተኮልኩሎ ሀ ግዕዝ ሁ ካዕብ እያለ ሲንጫጫ፣ «ጸ»ን «ጠ» ያለውን ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ለይተው በስሙ ይጠሩት ነበር። ከስሙ በኋላ አለንጋው ይከተላል። ክፍያቸው እንጨት መልቀም፣ ውሃ መቅዳት፣ ለዓመት በዓል ዳቦ ነው። የኔታን በግ አታታልላቸውም። ስንት ቀን እንደመጣሁም አልቆጠሩልኝም፤ የቆጠሩት የሳትኩትን ነው፤ እሱን እስከ ዛሬ ጀርባዬ ያስታውሰዋል።

እንግሊዝኛውን ያገኘሁት ደብረ ብርሃን ስማር ከአንድ የሰላም ጓድ መምህር ነው። እነዚህ አሜሪካኖች መስከረም 1955 ላይ ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ ሆነው የመጡ ጊዜ በየአውራጃው ተበተኑ፤ ከዚያም በየዓመቱ አዳዲሶቹ እየተተኩ ይመጡ ነበር። የኛው ሰው ግስ የሚያስተምረው በዜማ ነው፤ «ብሬክ፣ ብሮክ፣ ብሮክን» እያለ ኮሪደር ለኮሪደር ያስኬደን ነበር። «ብሬክድ» ያለ ተማሪ ሳምንቱን ሙሉ ስሙ ብሬክድ ነው። እሱ ራሱ ደግሞ አማርኛውን የተማረው ጠላ ቤት ነው። በመጀመሪያው ወር «ጠጣሁ» ለማለት «ጠፋሁ» ይል ነበር። ሦስተኛው ጣሳ ላይ ነገሩ እውነት ይሆናል። ሰው ሳቀበት፣ አረመው፣ ደግሞ ቀዳለት። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ከጠላ ቀጂዋ ጋር በሒሳብ ይከራከር ነበር፤ ቋንቋ ማወቅ ማለት ለእኔ እዚያ ላይ ነው።

የፈረንጅ አስተማሪ ካነሳን ጣሊያንም አስተምሯል። የጣርማ በሩን ዋሻ ያስቦረቦረው ጣሊያን በአምስት ዓመት ጎሚስታ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ፉርኖ ትቶልን ሄደ። አባቴ ፊርማውን በአውራ ጣቱ የሚያኖር ሰው ሆኖ የመኪናን ሆድ ዕቃ በጣሊያንኛ ይዘረዝረው ነበር። ለዚያ ትምህርት የተከፈለው ሌላ ነው፤ እሱን አላነሳም።

በሁለተኛው ቀን ሊግ የሚባል ነገር ውስጥ እንዳለሁ ተረዳሁ። ሠላሳ ሰው ተደርድሯል። እኔ፣ ማለት ልጁ፣ አራተኛ ነን። ሦስተኛው ላይ ስሙን ማንበብ ያቃተኝ ሰው አለ፤ በ40 ነጥብ ይበልጠናል። የማላውቀው ሰው ነው፣ ድንበሬን አልገፋ፣ በሬዬን አልነዳ፤ ግን ጠላሁት። ባለቤቴ ኩራዙን ለኩሳ «አንቱ ሰውዬ፣ ዳዊቱስ?» አለች። «ይቺን ልጨርስ» አልኳት። ልጆቼ «ይቺን ልጨርስ» ባሉ ቁጥር በኩርኩም ስመልስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያን ማታ ሦስተኛ ሆኜ ተኛሁ። ምን አወቅክ ብትሉኝ ምንም። ግን ሦስተኛ ነኝ።

ልጁን አልፈርድበትም። እዚህ አገር ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛን ከተፈተነው ውስጥ ማለፊያውን ያገኘው ከመቶ 3.2 ብቻ ነበር። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ቃላት መልቀሙንም አልክድም፤ የፊደል አጻጻፉ ከኔ ይሻላል። ግን ቃላቱን የነፃውም ይሰጠው ነበር። እኔ እንደገባኝ የከፈለው ክፍያውን ራሱን ነው፤ ከፍሎ መተው ስለሚቆጨው በየማታው ይከፍተዋል። ለመቆጨት ነው እንግዲህ ሙክቱ የሄደው።

እሑድ ደግሞ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ልጄ ደወለች። ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጅ አላት። እሱም በሌላ አፕ፣ እሱም በየወሩ እየተከፈለለት አማርኛ ይማራል። ስልኩን ተቀበላትና ጮክ ብሎ «ደህና ነሽ?» አለኝ። በ75 ዓመቴ አንቱታውን ብቻ ሳይሆን ወንድነቴንም ተገፈፍኩ። «ደህና ነኝ፤ አንቺስ?» አልኩት። ከበስተኋላ እናቱ ስትስቅ ይሰማል።

ለምን በታወቀው በዱኦሊንጎ አይማርም ብላት አማርኛ የለውም አለችኝ። ክሊንጎን ግን አለው። ክሊንጎን የየት አገር ሰው ነው? ለካ የፊልም ሠሪዎች ለሕዋ ፍጡራን የፈጠሩት ቋንቋ ኖሯል። አንድም ለቅሶ ያልተለቀሰበት፣ አንድም ሽማግሌ ያልመረቀበት ቋንቋ! እሱንስ ቻልኩት። «ስዋሂሊም አለው» ስትለኝ ነው ደሜ የፈላው።

ምክንያት አለኝ። አንኮበር ጎረቤታችን ነው። በ1831 ዓ.ም. ክራፕፍ የሚባል ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ከባልደረባው ከኢዘንበርግ ጋር ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ መጣ። ኢዘንበርግ አገሩ ተመልሶ ለንደን ላይ የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1841 እ.ኤ.አ.፣ ሰዋስው ደግሞ በዓመቱ አሳተመ። ክራፕፍ እስከ 1834 ዓ.ም. እዚሁ ቆየ። ሲወጣ ወሎ ላይ ተዘረፈ፤ ተመልሼ ሸዋ ልግባ ቢል ተከለከለ። ምን ያድርግ? ባሕሩን ይዞ ሞምባሳ ወረደና በ1850 እ.ኤ.አ. የስዋሂሊ ሰዋስው አሳተመ። እስቲ አስቡት፤ ያን ሰው ያን ጊዜ በሩን ከፍተን፣ አንኮበር ላይ አንድ ሁለት ዓመት ተጨማሪ ጠላ ብንቀዳለት ኖሮ! ልጄ «አባባ፣ አፕ እኮ በዚያ አይወሰንም» አለችኝ። ይሆናል። እኔ ግን የሚወቀስ ሰው ማግኘት እፈልጋለሁ።

ደግሞ አማርኛ ለፈረንጅ አስተማሪ ጠፍቶለት አያውቅም። አባ ጎርጎርዮስ በ1652 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር ጎታ ድረስ ሄደው ከሉዶልፍ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። ከዚያ ጠረጴዛ የተነሳው የአማርኛ ሰዋስው በ1698 እ.ኤ.አ. ታተመ። አባ ጎርጎርዮስ ግን አልደረሱበትም፤ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 መርከብ ሰጥማባቸው ሞቱ። ያ ሰው በወር 10 ዶላር አላስከፈለም።

ስልኩን ዘግቼ ሳስበው፣ መዘዞ ያለው የልጅ ልጄ ሙክት ሸጦ እንግሊዝኛ ይገዛል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የልጅ ልጄ ዶላር ከፍሎ አማርኛ ይገዛል። የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው። አንዱ ያለው ለሌላው የጎደለው ነው፤ በእሑድ ስልክ ግን የሚባባሉት «ሃይ» ነው። እሱም በሁለቱም አፍ አንድ ነው።

በአምስተኛው ቀን ዝናቡ መብራቱን ይዞት ሄደ፤ ኔትወርኩም አብሮ ጉም ውስጥ ገባ። ማታ ሁለት ሰዓት ሞከርኩ፤ የለም። አራት ሰዓት ላይ ሞከርኩ፤ የለም። እንግዲህ ሌሊቱ የዛሬ ነው፣ ጎህ ሳይቀድ ከደረስኩ ምን አለበት ብዬ ተኛሁ። ዶሮ ሲጮህ፣ አሥር ሰዓት ላይ ተነስቼ ብከፍተው ኔትወርኩ ተመልሷል። 116 ላይ አድርሼው የተኛሁት ቁጥር ግን ዜሮ ሆኖ ጠበቀኝ። ለካ የፈረንጅ ቀን የሚሞተው በእኩለ ሌሊት ነው፤ ሰው ሁሉ ተኝቶ ጅብ ብቻ በሚያየው ሰዓት። ከዜሮው ሥር ደግሞ ቀኑን ለመመለስ ክፈል የሚል ቁልፍ አለ። የሞተ ቀን በገንዘብ ይነሳል! የኔታ ይህን ቢሰሙ አለንጋቸውን አውርደው ያለቅሱ ነበር። ጣቴ ወደ ቁልፉ ሁለት ጊዜ እንደሄደች ግን ለእናንተ ብቻ ልንገራችሁ።

ልጁ በነጋታው መጣ። ፈተናው እንዴት ነበር ሳልለው ስልኩን አነሳ። ፊቱ ጠቆረ።

«ዩ ብሮክ ማይ ስትሪክ!» አለ።

ዝም አልኩ። አሥራ ስምንት ዓመት ስናሳድገው፣ እሱም ያን ሁሉ ቀን ሲቆጥር፣ ስልክ ያልቀደመው እንግሊዝኛ ከዚህ ልጅ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። «ዩ» ውስጥ አንቱታ የለም፤ እሱን ይቅር አልኩት። ብሬክድ አላለም። ብሮክ ነው ያለው።

«ሴይ ኢት አጌይን» አልኩት፣ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ። በሩን አጋጭቶ ወጣ።

ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ አለች። «ምን አለዎት ልጁ?»

«ሰደበኝ።»

«ታዲያ ምን ያስቅዎታል?»

«አስተካክሎ ነው የሰደበኝ» አልኳት።