ከብራስልስ ለጎንደር፦ ስለ ጢማም ዶሮና ስለ ሚሊየነር እርግብ

ይድረስ ለተወደዱት እምዬ፣
ጎንደር፣ አራዳ

ጎረቤቶች «ልጅዎ ቤልጅግ ምን ይሠራል?» እያሉ ስለሚጠይቁና እውነተኛው መልስ «ሲያርፍ ዶሮ ያያል» የሚል ስለሆነ፣ ነገሩ በሚከተለው መልክ ተብራርቶ ቀርቧል።

በብራስልስ ጠርዝ በምትገኘው በኡክል፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተዳቀለ አንድ የዶሮ ዝርያ አለ፤ ቁመቱ ከጎንደር ቄብ የሚያንስ፣ አገጩ በላባ ጢም የተሸፈነ፣ እግሩም እስከ ጣቱ ላባ የለበሰ ሲሆን፣ የሚረባው በዋናነት ለመልኩ ነው። በትርኢት ዋዜማ በሻምፖ ታጥቦ በጸጉር ማድረቂያ ይደርቃል፤ ከዚያም ዳኛው ስታንዳርድ በሚባለው፣ ማለትም የዝርያውን ቁመና፣ ቀለምና ክብደት በሚወስነው ጽሑፍ እየመዘነ ነጥብ ይሰጠዋል። ይሁን እንጂ ለበዓል ከቅዳሜ ገበያ ዶሮ የሚገዛ ጎንደሬ ከዚህ ዳኛ የከበደ ነው፤ ደረቱን ይዳብሳል፣ ላባውን በትንፋሹ ይገልጣል፣ በአናቱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ «ነጠላ» ሳይሆን «ድርብ» እንዲሆን ይሻል፣ ቀዩን ከገብስማው (ላባው ነጭና ግራጫ ከተቀላቀለበት) ያማርጣል፣ ጥቁሩን ያለፍርድ ያሰናብታል፤ ላባ ከ12ቱ ብልቶች አንዱ ባይሆንም።

የእርግቡ ነገር ግን ከዚህ ያልፋል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ኒው ኪም የተባለች የሁለት ዓመት የቤልጅግ የውድድር እርግብ በጨረታ በ1.6 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጣለች፤ ያውም ከውድድር ጡረታ ወጥታ፣ ለማራቢያ ብቻ። በፋሲል ግንብ ስንጥቅና በሰሜን ገደሎች የሚኖሩት፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር የትም የማይገኙት አንገተ ነጭ እርግቦች ይህን ሰምተው ከሆነ ኪራይ ሊጠየቁ ይገባል። እርግብ አርቢዎቹ የሚመኩበት አንዱ ጥበብ «መበለትነት» ይባላል፦ ተባዕቱ ከሴቲቱ ተለይቶ ይሰነብታል፣ ለውድድር ከመጫኑ በፊት ለጥቂት ደቂቃ ያያታል፣ ከዚያም በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ሲለቀቅ በናፍቆት ወደ ቤቱ ይከንፋል። እምዬ ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ያ ልጅ ምነው አይከንፍ?» ማለታቸው ስለማይቀር፣ እርግብ የመኖሪያ ፈቃድ እንደማታሳድስ በትሕትና ይታወሳል።

የቤልጅግ አርቢ በጎንደር ሴቶች ጥበብ የሚገረምበትም አለ። የአበሻ ዶሮ በዓመት የምትጥለው እንቁላል ከ40 እስከ 60 ቢሆን ነው፤ ለዚህም አንዱ ምክንያት እንቁላል መታቀፍ መውደዷ ሲሆን፣ ይህን አመል ለማስተው ቁልቁል አንጠልጥሎ ማቆየት ወይም ለጥቂት ቀን ወደ ጎረቤት ማሰደድ የተለመደ ነው። የስደቱ ዘዴ ለዶሮ መሥራቱ ተረጋግጧል፤ ለሰው ገና በመጠናት ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን ከዚህ አገር ቢቀዳ ይበጃል። በቤልጅግ ለውድድርና ለትርኢት የሚቀርቡ ወፎች ኒውካስል ለሚባለው በሽታ ይከተባሉ፤ ይህም በክረምት መግቢያ ቆጡን ባዶ የሚያስቀረው ፈንግል ነው። በዓይን የሚንጠባጠበው ክትባት ቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ስለሚመረት፣ ከዚህ ጋር የተላከው ገንዘብ ለእሱ እንጂ ለቅቤና ለበርበሬ እንዳይውል አደራ ተብሏል። ፈንግል አንዴ ከገባ በኋላ መከተብ ስለማያድን፣ ሥራው ከግንቦት በፊት፣ ከጎረቤት ዶሮዎች ጋር በአንድነት ቢደረግ ይሻላል።

የእምዬ ቀይ አውራ ዶሮ ለፋሲካ እንዳይታረድ። ፎቶግራፉን እዚህ ያሉ አርቢዎች አይተው ዋጋ ጠይቀዋልና፣ እምዬ ይቁረጡ።