የአሳ ቤቱ ውል

ሐይቅ ከተማ አሳ ሊበላ የተቀመጠ ሰው ከሁለት ነገር መጠንቀቅ አለበት፤ ከእሾኹና ከእህቴ ልጅ። እሾኹ ጉሮሮ ላይ ቢሰካ አንድ ጉርሻ እንጀራ ሳያኝኩ ውጠው ያወርዱታል። የእህቴ ልጅ ግን አንዴ «በዓለም አንደኛው የሮክ ድምፃዊ ማነው?» ብሎ ከጀመረ የሚያወርደው አልተገኘም።

የዓመት እረፍቴን ወስጄ ሐይቅ የገባሁ ዕለት ያጋጠመኝ ይኼው ነው። ሦስት ሆነን ተቀምጠናል፤ እኔ፣ እሱና ሁላችንም «አያ» የምንለው አጎቴ። አያ በደጉ ዘመን ኤንትሬ እየነዳ ከአሰብ ደሴ ተመላልሷል። የሙዚቃ እውቀቱ በሙሉ ከዚያ መኪና ቴፕ የተገኘ ነው፤ ቴፑ ደግሞ ከጥላሁን ገሠሠ ሌላ አይጫወትም ነበር ይባላል።

«ፍሬዲ ሜርኩሪ!» አለ ልጁ፣ ጠያቂውም መላሹም እሱ ነውና። ስልኩን ከውሃ ጠርሙሱ አስደግፎ አቆመልን። «ሐምሌ 6 ቀን 1977። ለንደን፣ ዌምብሌ ስታዲየም። 72 ሺህ ሕዝብ። ለባንዱ ለክዊን የተሰጠው 20 ደቂቃ ግድም ነው። አያ፣ እስቲ ይዩት።»

አየነው። ነጭ ካናቴራ የለበሰ ጢማም ሰው ከወገቡ የተቆረጠ የሚመስል የማይክ እንጨት ይዞ ይንጎራደዳል። ዘፈኑን አቁሞ አንድ ነገር ይጮኻል፤ ሕዝቡ መልሶ ይጮኻል። እያስረዘመ ሄደ፤ እያስረዘሙ ተከተሉት።

«ይኼማ ተቀበል ነው!» አለ አያ።

እውነቱን ነው። ልዩነቱ፣ እኛ ዘንድ «ተቀበል» የሚለው ታዳሚው ነው፤ ግጥሙን ይወረውራል፣ አዝማሪው በማሲንቆ ይቀበላል። ይኼ ሰውዬ ግን ራሱ አዝማሪ ሆኖ 72 ሺህ ሰው ያለ ሽልማት ተቀበል አሰኝቷል። እንዲህ ያለ አዝማሪ ወሎ ውስጥ ቢነሳ ሌሎቹ በረሃብ ባለቁ።

ልጁ አያ መለሳለሱን ሲያይ መጠባበቂያውን መዘዘ። «ደግሞ እኮ ሩቅ ሰው አይደለም። ዛንዚባር ነው የተወለደው።»

«ዛንዚባር? እንግዲያ ጎረቤት ነዋ!» አያ ወንበሩን ወደ ስልኩ ሳብ አደረገ። «ምን ሁኖ ነው ግን እንዲህ የሚጮኸው? ሠርግ ነው?»

ልጁ ትንሽ አመነታ። «ለእኛ ነው አያ።»

«ለእኛ?»

«ለሰባ ሰባቱ።»

አያ የያዘውን አሳ ወደ ሳህኑ መለሰ። ዕድሜው ከደረሰ የሐይቅ ሰው ጋር ስለ 77 ብዙ አይወራም። ዓለም ያየው የኮረም ሜዳ ያኔ በእኛው ክፍለ ሀገር ነው።

ዝምታውን ለመስበር ያህል እኔ ስለ ሌላኛው ዘፈን አነሳሁ። በዚያው ዓመት፣ የፈረንጆቹ ገና ሲቃረብ፣ ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር የእንግሊዝና የአየርላንድን ዘፋኞች ሰብስበው ለርዳታ አንድ ሸክላ አወጡ። ርእሱ በእኛ ቋንቋ «ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ?» እንደማለት ነው። ጥያቄውን በቅንነት እንመልስ ካልን፣ አላወቅንም። እነሱ ሲያከብሩ እኛ ታኅሣሥ 16 ላይ ነን፤ ገና ገና ነበር፣ 13 ቀን ይቀረዋል። እንጂማ ከተቀመጥንበት ብዙም ሳይርቅ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዐ ሥር መነኮሳት ያፈራ ቦታ ነው፤ ገና መቼ እንደሚውል ለማወቅ ጊታር አያስፈልገውም። ሌላው ጎረቤታችን ደግሞ ሙስሊም ነው፤ ገና መሆኑን የሚያውቀው እናቴ ለቡና ስትጠራው ነው።

ባለ አሳ ቤቱ ይኼን ሲሰማ መጥበሻውን ትቶ መጣ። «እኔን ካላችሁ፣ የመንዙማውን ሼህ መሐመድ አወልን ማን በለጠው?»

«እሱ ሮክ አይደለም» አለ የእህቴ ልጅ።

«ድቤ አለው፣ ጭብጨባ አለው፣ ሕዝቡ ይቀበላል። ምን ጎደለው? ካናቴራ?»

አያም በዚህ መሐል ነፍስ ዘራ። «ለእኛ በመዘመርማ ከሆነ፣ በ66ቱ ረሃብ ጥላሁን «ዋይ ዋይ ሲሉ»ን እያለቀሰ ዘፍኖልናል። ያንተ ዛንዚባሬ ከ11 ዓመት በኋላ ነው የመጣ።»

«ጥላሁን ንጉሥ ነው አያ፤ ሮክ ግን አይደለም።»

«ሮክ ሮክ ትላለህ፣ ለመሆኑ ምን ማለት ነው?»

ልጁ ተያዘ። «በቀጥታ ሲተረጎም… አለት።»

አያ በድል አድራጊነት ወደ ሰሜን ጠቆመ። «አለትማ እኛ ጋ ነው ያለው! አምባሰልን ቀና ብለህ እይ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ግን ነገሩን ከቁም ነገር ቆጠርኩት። የዘፋኞችን ደረጃ በማውጣት የታወቀው የአሜሪካ መጽሔት ራሱ ስሙ ሲተረጎም ተንከባላይ ድንጋይ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. አሪታ ፍራንክሊንን አንደኛ ብሎ ፍሬዲን 18ኛ ላይ ሲያስቀምጠው የእህቴ ልጅ ገና ዳዴ ይል ነበር፤ ቂሙን የያዘው በኋላ ነው። ተንከባላይ ድንጋይ እንዲህ ከፈረደ፣ ከስፍራው ያልተነቃነቀው አለት ለምን ድምፅ ይነፈገዋል?

አራት ናቸው ትላልቆቹ ቅኝቶቻችን፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አንቺ ሆዬ፣ አምባሰል። አምባሰል ስሙን ከተራራው ወስዷል፤ እንደ እኔ ጠባዩንም ወስዷል። ከዶ ተነስተን ብንቆጥር ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። መጀመሪያ ግማሽ እርምጃ ብቻ ትረግጣለህ፤ ቀጥሎ ከሬ ፍላት ወደ ፋ ሁለት ሙሉ እርምጃ ገደል አለ። ድልድይ የለውም፤ በድምፅህ ትዘለዋለህ። ጃፓኖችም ሚያኮ ቡሺ የሚሉት ልክ እንዲህ የተደረደረ ስልት አላቸው። አያ ይኼን ስነግረው ምንም አልደነቀው፤ «ሂደው ይሆናል» ብሎ ዝም።

ያን ገደል ማሪቱ ለገሠ ስትዘለው የሰማ ሰው ካናቴራ ለባሹን ይረሳዋል። ደሴ ላይ በወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን የታወቀችው ማሪቱ ያለ ስታዲየም፣ በማሲንቆና በክራር ብቻ፣ ድምፅዋን ከአምባው ጫፍ ለቃ ከታች ትቀበለዋለች። የእኔም ድምፅ ለእሷ ነው፤ ምክንያቱ ግን ዝላዩ ብቻ አይደለም። ፍሬዲ መድረክ ላይ የወጣው ስለ ረሃባችን ነው። ጥላሁንም ያለቀሰው ስለ ረሃባችን ነው። ሁለቱንም እግዜር ይስጥልን። ማሪቱ ግን ስታዜም ፍቅር ነው፣ ናፍቆት ነው፣ የሰው ውበት ነው፤ እህል የሚሰፍርልን ሰው የለም።

ይኼን ብዬ ስጨርስ አያ ውል ይጻፍ አለ። ውጫሌ አፍንጫችን ሥር፣ እዚያው አምባሰል ውስጥ ናትና፣ ያለ ውል መነሳት ነውር ነው። አማርኛውን እኔ፣ እንግሊዝኛውን የእህቴ ልጅ በናፕኪን ላይ ጻፍን፤ አያ መስካሪ ሆኖ ፈረመ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 በውጫሌው ውል የደረሰው ነገር ሊያስጠነቅቀኝ ይገባ ነበር። በእኔ ናፕኪን ላይ ማሪቱ አንደኛ ሆና፣ «የሐይቅ ሰው ፍሬዲን መስማት ይቻለዋል» ይላል። በእሱ ላይ «መስማት ግዴታው ነው» ሆኖ ተገኘ። የአንቀጹንም ቁጥር 17 ብሎታል፣ ባለጌ።

ልጁ በውሉ መሠረት ማታ ቤት እንደገባን በእናቴ ጀመረ። እናቴ ጥጥ እየፈተለች ነበር። እንዝርቷን አስቀምጣ ሃያውን ደቂቃ ሙሉ አየችለት፤ ሲያልቅም ፊቷን ወደ ስልኩ አስጠጋች።

«ድምፁስ ይገርማል» አለች። «ከስቷል ግን። ምሳውን በልቷል?»

የእህቴ ልጅ እኔን አየኝ። እኔም የምለው አጥቼ ስልኩን ተቀበልኩትና የማሪቱን አምባሰል ከፈትኩላት። ስለ ምሳ አልጠየቀችም። «ድምፁን ጨምረው» አለችና እንዝርቷን አነሳች።