ያስመሰከረን ማስመስከር

የአገራችንን ሯጮች ክብር የሚወስነው አካል የት እንደሚቀመጥ ለማያውቁ፣ እነሆ አድራሻው፦ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ፣ ጠላ ቤቱ በር ላይ ካለው አግዳሚ። ስብሰባው ከቀትር በኋላ ይጀመራል። ለምልዓተ ጉባኤ ሁለት ሰው ይበቃል፤ ሦስተኛው ሲመጣ ይግባኝ ሰሚ ይሆናል። ዳኞቹ ማኅተም የላቸውም። ድምፅ ግን አላቸው፤ ያውም ከመንገዱ ማዶ የሚሰማ። እንዲህ ያለው ጉባኤ በነፋስ መውጫም፣ በወገዳም፣ በደብረ ታቦርም፣ በአዲስ አበባም ሞልቷል። የእኛን ያስቀደምኩት ለሰፈሬ አድልቼ ነው።

መዝገቡ ተዘግቶ የማያውቀው ክስ «ኃይሌ ወይስ ቀነኒሳ?» የሚለው ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአትላንታና በሲድኒ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አግኝቷል፤ በዚያው ርቀት በዓለም ሻምፒዮና አራት ጊዜ ተከታትሎ አሸንፏል፤ ማራቶንን ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች በመሮጥም የመጀመሪያው ሰው ነው። ጉባኤው ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰምቶ «አቴንስ ላይ ግን አምስተኛ ወጣ» ይላል። ደግ፤ ቀነኒሳ በቀለ ይቅረብ። የኃይሌን የ5 ሺህና የ10 ሺህ ሜትር ክብረ ወሰኖች ሰብሯል፤ ቤጂንግ ላይ ሁለቱንም ርቀት ጠቅልሏል፤ በዓለም አገር አቋራጭ በአዋቂዎች ውድድር ብቻ 11 የግል ወርቅ አለው። «እሱስ ቢሆን የማራቶኑን ክብረ ወሰን በርሊን ላይ በሁለት ሰከንድ ሳተው እኮ!» ይላሉ። ሁለት ሰከንድ ያባከነን ሰው ይቅር የማይሉት እኚህ ዳኛ ለእድር ስብሰባ ሁለት ሰዓት ዘግይተው የሚደርሱ ናቸው።

ደራርቱ ቱሉስ? በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ስታሸንፍ ከጥቁር አፍሪካውያት ሴቶች የኦሎምፒክ ወርቅ በማግኘት የመጀመሪያዋ ሆናለች፤ ሲድኒ ላይም ደግማዋለች። ጉባኤው ጉዳዩ ከባድ መሆኑን ተገንዝቦ «ሴቶቹን ሌላ ቀን እናያለን» በማለት ቀጠሮ ሰጥቷል። ቀኑ አልተቆረጠም።

የምሩጽ ይፍጠር መዝገብ ደግሞ በዕድሜ ጉዳይ ላይ ቆሟል። በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ የ5 ሺህና የ10 ሺህ ሜትር ወርቆችን መውሰዱን የሚክድ የለም። ጥያቄው ያኔ ስንት ዓመቱ ነበር ነው። የልደት ምስክር ወረቀቱ ይቅረብ የሚሉት ደግሞ የራሳቸውን ልደት «ክረምት መግቢያ ላይ ነው መሰል» የሚሉ አባት ናቸው።

ከሁሉ የሚያስመሰግነን ግን የማሞ ወልዴ ነው። ማሞ በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ አሸነፈ፤ በ10 ሺህ ሜትር ብር፣ ከአራት ዓመት በኋላም ሙኒክ ላይ በማራቶን ነሐስ ጨመረ። ኋላ በቀይ ሽብር ተከሶ ዘጠኝ ዓመት ያህል ታሰረ። ሰው አልገደልኩም ይል ነበር። ፍርድ ቤቱ ስድስት ዓመት ሲፈርድበት ከዚያ በላይ ታስሮ ስለነበር ተፈታ፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ በግንቦት 1994 ዓ.ም. አረፈ። እግር የሠራው ሥራ አንድ፣ ፍርድ ቤት የያዘው ጉዳይ ሌላ ነው ብሎ ለይቶ ማየት ለተራ ሰው ይሆናል። የእኛ ጉባኤ ግን ሜዳሊያውን በክሱ፣ ክሱን በሜዳሊያው ሊሰርዝ ሲጥር ይመሽበታል።

አይፈረድም፤ አሜሪካኖችም ይከራከራሉ። ኩፐርስታውን በምትባል ትንሽ ከተማ የቤዝቦል የክብር አዳራሽ አላቸው። አንድ ተጫዋች ጨዋታ ካቆመ አምስት ዓመት ሲሞላው የስፖርት ጋዜጠኞች ድምፅ ይሰጡበታል፤ 75 በመቶ ካገኘ ይገባል፤ በ10 ዓመት ውስጥ ካላገኘ ከጋዜጠኞቹ ዝርዝር ይወጣል። ሮጀር ክሌመንስ የሚባለው ኳስ ወርዋሪ 354 ጨዋታ አሸንፎ፣ የዓመቱን ምርጥ ወርዋሪ ሽልማት ሰባት ጊዜ ወስዶ፣ አበረታች መድኃኒት ወስዷል ስለተባለ፣ እሱ ቢክድም፣ እስከ አሥረኛው ዓመት ድረስ 75 በመቶውን ሳያገኝ ቀረ። የእኛ ጉባኤ ይህን ሲሰማ በጣም አዘነ። በ10 ዓመት ክርክር ይዘጋል? ምን ዓይነት ችኮላ ነው!

እኛ ዘንድ የሚዘጋው በቀብር ነው። ምሩጽ በ2009 ዓ.ም. ካናዳ ውስጥ ሲያርፍ ዕድሜው በአንድ ጀንበር መነጋገሪያ መሆኑ ቀርቶ ጀግና ተባለ። በጥር 1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 ስናሸንፍ ራሱም ጎል አግብቶ የአፍሪካን ዋንጫ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ዕድሜውን በጣሊያን ገፍቶ በ2015 ዓ.ም. መባቻ ሲያርፍም ያልጠራው ሁሉ ጠራው። የጉባኤያችን መሥፈርት ግልጽ ነው፦ እጩው መሞት አለበት። ሌላው ሁሉ ይታያል።

ይህ አገር ደግሞ ፈተና የማያውቅ አገር ቢሆን ምን ነበረበት! ድጓ የሚያስመሰክር ተማሪ ጋይንት ቤተልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሚያስመሰክር ዙር አባ። መምህሩ ይሰማል፣ ያርማል፣ ሲያምንበት ይመርቃል። ተመርቆ የመጣውን መሪጌታ መንገድ ላይ አስቁሞ «እስቲ እንደገና ከመጀመሪያው በልልን፣ እኛም እንፍረድ» የሚል ጠላ ጠጪ አላየንም። ለሯጭ ሲሆን ግን ሥርዓቱ ይገለበጣል። አበበ ቢቂላ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አስመስክሯል፤ ፈታኙ ሰዓት ነበር፣ ሰዓት ደግሞ ዘመድ የለውም። የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር በ2012 እ.ኤ.አ. የክብር አዳራሽ ሲያቋቁም አበበን ከመጀመሪያዎቹ ተርታ አስገባው፤ አግዳሚያችንን ሳያማክር! «ሜክሲኮ ላይ እኮ አቋርጧል» የሚለው ተቃውሟችን እስካሁን መልስ አላገኘም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አለኝ። ሯጮቹን እንተዋቸው፤ የክብር አዳራሹ ለተከራካሪዎች ይሠራ፣ ቦታውም መካነ ኢየሱስ ይሁን። መሥፈርቱ እንዲህ ነው፦ እጩው ከዝናብ ሸሽቶ ካልሆነ በቀር ሮጦ የማያውቅ፤ ማለዳ በመንገድ ዳር የሚሮጥ ልጅ ሲያይ «ሥራ ፈት!» ብሎ የተሳደበ፤ ለዚያ ልጅ ጫማ ግዛለት ሲባል «መንግሥት ምን ይሠራል?» ያለ፤ በሕይወት ያለ ሯጭ «ይገባዋል» ሲባል «ግን» ብሎ ቀድሞ የተናገረ። 75 በመቶ አይጠየቅም፤ ሁሉም ራሱን ስለሚመርጥ በሙሉ ድምፅ ያልፋሉ። የሚቀረው የምረቃው ዕለት ነው፦ ሪባኑን የሚቆርጠው ሰው ሩጫ ያሸነፈ ይሁን ወይስ አይሁን በሚለው ላይ ጉባኤው ገና አልተስማማም።