ሦስት ብቻ ነው

አሜሪካ ውስጥ ጋራዡን የአውሮፕላን ፋብሪካ ያደረገ ሰው ሞልቷል። ሕጉም ይፈቅድለታል፤ ብቻ ከሥራው የሚበዛውን እጅ አማተሮች ይሥሩት። ከነዚህ መሃል ከማዝዳ አርኤክስ 7 መኪና የወረደ የዋንክል ሞተር የገጠመውን ለመለየት አትቸገሩም። ሰላምታ ሳይጨርስ «ተንቀሳቃሽ ዕቃው ሦስት ብቻ ነው!» ይላችኋል። ሁለት ሮተር፣ አንድ ዘንግ። ፒስተን የለ፣ ቫልቭ የለ።

አልዋሸም። ጭስ ማውጫውን ነው የዘለለው። የዚህ ሞተር ማቃጠያ ክፍል ረጅምና ስስ ስለሆነ፣ ነዳጁ ነድዶ ሳያልቅ መውጫው ይከፈትና የተረፈው እሳት ቧንቧው ውስጥ መንደዱን ይቀጥላል። ጋዙ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረሱ ብርቅ አይደለም። አሉሚኒየም በ660 ይቀልጣል፤ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ፋይበርግላስ ሽፋንማ 100 አካባቢ ሲደርስ መልፈስፈስ ይጀምራል።

ሰውየው መጀመሪያ የመኪና ማርሚታ ይገጥማል። ቫልቭ ስለሌለ ጋዙ በአንድ ጊዜ ነው ዱብ የሚለው፤ ማርሚታው የሆዱን ዕቃ እየተፋ ያልቃል። አውልቆ ሲጥለው ጎረቤት በጩኸቱ ያብዳል። ቀጥሎ ስቴንለስ ቧንቧ በይዶ ሁለቱንም ጫፍ ጥርቅም አድርጎ ያስራል። አንድ ሜትር ቧንቧ ሲግል ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል፤ መሄጃ ሲያጣ ብየዳው ላይ ይሰነጠቃል። ከዚያ ሙቀቱን ላፍነው ብሎ እንደ በሽተኛ በጋቢ ይጠቀልለዋል። መቀዝቀዣ ያጣው ብረት ደግሞ ከበፊቱ ፈጥኖ ይበላል። «እሳት ካየው ምን ለየው» የሚለው ተረት እዚህ አይሠራም፤ ብረት በደንብ ይለያያል። ስለዚህ ኪሱ እየተቃጠለ ኢንኮኔል ወደሚባለው የኒኬል ቅይጥ ይገባል። ተንሸራታች መጋጠሚያ፣ ሞላ፣ የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ፣ አየር የሚነፋ ቱቦ... ሞተሩ ቀለለ ተብሎ የተረፈው ክብደት በጓሮ በር ተመለሰ። ስለነዚህ ስትጠይቁት «እነሱ የሞተሩ አካል አይደሉም» ይላል።

የሞተሩ ፈልሳፊ ፌሊክስ ዋንክል እንኳ ዓይኑ ደካማ ስለነበር መንጃ ፈቃድ አልነበረውም። ብልህ ሰው፣ ጣጣውን ለነጂዎች ተወ።

ሕጉ በአውሮፕላኑ መግቢያ አጠገብ «የሙከራ» የሚል ቃል ከ5 ሳንቲሜትር ባላነሰ ፊደል እንዲጻፍ ያዛል። ውስጥ ደግሞ አውሮፕላኑ በአማተር የተሠራ መሆኑንና የመደበኛ አውሮፕላን የደኅንነት ደንብ እንደማያሟላ ለተሳፋሪ የሚያስጠነቅቅ ሌላ ጽሑፍ አለ። ለመብረር የተጋበዘው ወዳጅ ሁለቱንም አንብቦ ሲያበቃ ድንገት ቀጠሮ ትዝ ይለዋል።