ስለ ተከታይ ባለትዳር ጠባይዕ የቀረበ ምርመራ

ስለ አዕዋፍ ፍልሰትና ስለ ከዋክብት ዑደት የመረመሩ ሊቃውንት ብዙዎች ሲሆኑ፣ የትዳር ጓደኛውን ሹመት ተከትሎ «ለጥቂት ጊዜ» ወደ ባሕር ማዶ ስለሚሻገረው ሰው ጠባይዕ ግን የሚበቃ ነገር ስላልተጻፈ፣ ጉድለቱን በመጠኑ ለመሙላት በማሰብ፣ ይህን ፍጥረት «ተከታይ» ብለን ሰይመን፣ ከደጋ ዳሞት፣ ይልቁንም ከፈረስ ቤት የሚነሣውን ወገን ለምርመራ መርጠናል። ምርጫችን ያለ ምክንያት አይደለም። ባሏ መምህር ወይም ሐኪም ሆኖ ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ወደ ፈረስ ቤት ሲዛወር የተከተለችው ወይዘሮ፣ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርባ፣ «እስኪዛወር ድረስ ነው» እያለች፣ ምጣድ እንኳ ሳትገዛ በጎረቤት ምጣድ እየጋገረች ዓመታት ስትከርም የደጋው ሕዝብ በዓይኑ አይቷል፤ ስለዚህ የፈረስ ቤት ተወላጅ ወደ ብራስልስ ወይም ወደ ቤጂንግ ሲከተል ሥርዓቱ አዲስ አይሆንበትም፤ አዲስ የሚሆንበት ምጣድ የሚያውሰው ጎረቤት ማጣቱ ብቻ ነው።

የተከታይ ሕጋዊ ህላዌ የሚመነጨው በ1953 ዓ.ም. በቪየና ከተማ ከተፈረመው የዲፕሎማሲ ግንኙነት ስምምነት ነው። በዚህ ስምምነት አንቀጽ 37 መሠረት ከመልእክተኛው ጋር በአንድ ቤት የሚኖር ቤተ ሰብ፣ የተቀባዩ አገር ዜጋ እስካልሆነ ድረስ፣ ለመልእክተኛው የተሰጠው ክብርና መብት ይደርሰዋል፤ በአንቀጽ 29 አይታሰርም፣ በአንቀጽ 36 ደግሞ ለግል መገልገያው ያስገባው ዕቃ ከቀረጥ ነጻ ከመሆኑም በላይ፣ ከባድ ጥርጣሬ ካልተነሣ በቀር ጓዙ አይፈተሽም። ሕጉን የደነገጉት መኳንንት ቡሬን በስም ባይጠሩም፣ በእኛ አስተያየት ይህ አንቀጽ በፍጹም ኃይሉ የተተረጐመው፣ የቡሬ በርበሬ ከነኮረሪማው ተቀምሞና ተፈጭቶ፣ በሦስት ላስቲክ ታሽጎ በሻንጣ መካከል በተቀመጠ ጊዜ ነው። ተከታዩ ከሰኞ እስከ ዓርብ ምን ይሥራ ለሚለው ግን ስምምነቱ መልስ የለውም፤ ደመወዝ ያለው ሥራ ለመያዝ በብዙ አገር የሁለቱን መንግሥታት ልዩ ስምምነት ይሻልና፣ ሊታሰር የማይችለው ሰው ሊቀጠርም ሳይችል ይኖራል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የምግብ ትዝታው ነው። በአገሩ ሳለ በገብስና በእንግዶ እንጀራ ያደገ፣ ጤፍንም ለእንግዳና ለዓመት በዓል የሚያውቅ ሰው፣ ባሕር ማዶ ጥቂት ወራት እንደ ሰነበተ፣ ከቢቸና ማኛ በቀር ሌላ እንጀራ ከአፉ ገብቶ እንደማያውቅ በእንግዶች ፊት ይመሰክራል፤ ቃሉን የሚያስተባብል ሰው በአቅራቢያው ስለማይገኝም ውሎ አድሮ ራሱ ያምነዋል። በዚህ አንፈርድበትም፤ እንግዶ የተባለው እህል ፈረንጅ ለፈረሱ የሚሰጠው መሆኑን እዚያ ሲደርስ ዐውቋልና።

ከአልጋ ሥር ያለው ትልቁ ሻንጣ ጨርሶ አለመፈታቱም በትርጓሜ ጉባኤ ሥርዓት ሊታይ ይገባዋል። ሻንጣው ስለ ምን አልተፈታም ቢሉ፦ በቅርቡ እንመለሳለን ሲሉ ነው። አንድም፣ ቁም ሣጥን ብንገዛ ስንሄድ ማን ይገዛናል ብለው ነው። አንድም፣ ግማሹ ለዘመድ በሚወሰድ ጫማ ከወዲሁ ስለ ሞላ ነው። ሦስተኛው ትርጓሜ ይበልጥ ይስማማናል፤ ጫማው የተገዛለት ሕፃን በዚህ መካከል ሁለት ቁጥር ማደጉ ግን በኅዳግ ሊጻፍ ይገባዋል።

ተከታዩ ወንድ በሆነ ጊዜ ነገሩ ይረቅቃል። በፈረስ ቤት በማኅበር ጠላ ላይ «ያ ልጅ ምን ይሠራል?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ «ሚስቱ ትሠራለች» የሚል መልስ ከዘመድ አፍ ስለማይወጣ፣ «ኤምባሲ ነው» ይባላል፤ በአድራሻ በኩል ስሕተት የለበትም። ራሱ ሲጠየቅ ግን መጽሐፍ እየጻፈ መሆኑን ይናገራል። የዚህ ሁሉ መዘዝ የእንዶዳም ኪዳነ ምሕረቱ ተወላጅ የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ነው፤ እርሳቸው በጎጃም አድባራት ተምረው፣ በኢየሩሳሌም ቆንስል በለንደንም አምባሳደር ሆነው ካገለገሉ በኋላ፣ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ስላሳተሙ፣ ከጎጃም የሄደ ተከታይ ሁሉ፣ ባለ ሙሉ ሥልጣኑ ከዚያ ሁሉ ሥራ ተርፈው ያን ያህል ከጻፉ፣ ቀኑ ሙሉ ባዶ የሆነለት ሰው ምን ያህል ሊጽፍ ነው ብሎ ደብተር ይገዛል። ያየናቸው ደብተሮች ርእሳቸው ግሩም ነው።

የቀረው ጊዜ በስልክ ያልፋል። አክስቱ ከፈረስ ቤት ደውለው «እንዴት ሰነበትህ ልጄ፣ ይኸ ያጎትህ ልጅ መቼም ተምሮ ቁጭ ብሏል፤ እስቲ አንተ ካለህበት አንድ ሥራ ፈልግለት» ሲሉት፣ ለራሱ ሥራ የተከለከለው ተከታይ «ይሁን እታባ፣ ማስረጃውን ላኩልኝ» ይላል፤ ማስረጃውም በስልክ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ጥግ ላይ የአክስቱ አውራ ጣት እንደ ማኅተም ታይቶበት፣ በዚያው ምሽት ይደርሳል።