ከምጽዋ የተገዛ አየር

በአዲስ አበባና በአስመራ መካከል ለ20 ዓመት ተቋርጦ የነበረው በረራ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ሲቀጥል አገር ምድሩ ለቲኬት ተጋፋ። አንድ ጡረተኛ የሒሳብ ሹም ግን ዋጋው እስኪረጋጋ ጠብቀው፣ ጥር ላይ ከእህታቸው ልጅ ጋር ሄዱ። ሒሳብ ዘግቶ ማደር የለመደ ሰው እንዲህ ነው።

ምጽዋ ወርደው ዓሣ በሉ፤ ቀይ ባሕርንም አዩ። ሲመለሱ አስመራ ላሉት የዘመድ ልጆች ሦስት ከረጢት ቺፕስ ገዙ። ሹሙ አንዱን ከረጢት አንስተው ጫን ጫን አደረጉና፣ «ይሄ እኮ ግማሹ አየር ነው!» አሉ። ባለሱቁ ፈገግ አለ፤ ከዋጋው ግን ሳንቲም አልቀነሰም።

መንገዱ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ግን ከባሕሩ ዳር ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። ሾፌሩ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰው በመሆኑ አማርኛው ከተሳፋሪዎቹ አማርኛ አይለይም። ራስ አሉላ በጥር 1879 ዓ.ም. ከ500 በላይ ወታደር የነበረውን የጣሊያን ጦር የደመሰሱበት ዶጋሊ ሲደርሱ፣ ሹሙ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እስከዚያ ድረስ ቺፕሱም ሰላም ነበር።

ጊንዳዕን አልፈው ጠመዝማዛው ሲበረታ የሹሙ ጆሮ ተደፈነ።

«ማስቲካ ያኝኩ ጋሼ፤ ይለቅዎታል» አለ ሾፌሩ።

አኘኩ፤ ለቀቃቸው። ይሄኔ የእህታቸው ልጅ ጭናቸው ላይ ያሉትን ከረጢቶች አየች። ሦስቱም እንደ ከበሮ ተወጥረዋል።

ነገሩ ምትሐት የለበትም። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር የውጭው አየር ግፊት ይቀንሳል፤ በአስመራ ከፍታ ላይ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። ቆላ ላይ የታሸገ አየር ደግሞ የሚጫነው ሲያጣ ይለጠጣል። ልጅቷ ይህን አስረዳች። ሹሙ አልተዋጠላቸውም። «ገቢ ያልተደረገ ነገር እንዴት ይጨምራል? ደግሞስ አየሩ ሲጨምር ድንቹ ለምን አይጨምርም?»

ከነፋሲት በላይ ጉም ዋጣቸው። የቀይ ባሕር ደመና በክረምት ሳይሆን በበጋ ወራት ነው ይህን ተዳፋት የሚያለብሰው፤ ደጋው ሲደርቅ እዚህ አረንጓዴ ነው። ከፊት የሚታየው የጭነት መኪና የኋላ መብራት ብቻ ነበር።

ጧ!

ሾፌሩ ዳር ይዞ ቆመ። «ጎማ ነው!» ብሎ ወረደ። ልጅቷም ወርዳ ከጎማው ሥር ድንጋይ አስገባች። ሾፌሩ አራቱንም ጎማዎች አንድ በአንድ በእግሩ መታ፤ ሁሉም ደህና ናቸው። ይህን ሁሉ ጊዜ ሹሙ ድንች ተነስንሶባቸው፣ ማስቲካቸውን እንዳኘኩ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ተቀምጠዋል።

በዚህ መሐል አንድ ብስክሌተኛ ዳገቱን እየገፋ አለፋቸው። የሚገርም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በቱር ደ ፍራንስ የተራራ ንጉሥ ማሊያ የለበሰው ዳንኤል ተክለሃይማኖት የዚሁ አገር ልጅ ነው። ሹሙን ያስከፋቸው ብስክሌተኛው አልነበረም፤ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ያሉት ዝንጀሮዎች ናቸው። ከልብሳቸው ያራገፉትን ድንች ለቃቅመው በሉ፤ መስኮት ተዘጋ።

ሾፌሩ ሊያጽናናቸው ስለ ቴሌፈሪካ አወራ። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1937 ከምጽዋ አስመራ የዘረጉት፣ 72 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን በገመድ የሚሄድ ዕቃ ማጓጓዣ ነው፤ በዘመኑ በዓለም ረጅሙ ነበር። በኋላ እንግሊዞች ነቅለው ወሰዱት።

«በእሱ ብንልከው ኖሮ ገደል ላይ ይፈነዳ ነበር» አሉ ሹሙ፤ «ቢያንስ ዝንጀሮ አያየኝም።»

የቀሩትን ሁለት ከረጢቶች ልጅቷ በመርፌ ወግታ አስተነፈሰቻቸው። ሹሙ ማስታወሻ ደብተራቸው ላይ «አንድ ከረጢት፣ ለዝንጀሮ» ብለው ወጪ መዘገቡ። በዚህ መንገድ የምትወጡ ሁሉ፣ ቺፕስ የምትገዙ ከሆነ አስመራ ደርሳችሁ ግዙ፤ ከምጽዋ ከገዛችሁም ጊንዳዕ ሳትደርሱ ብሉት።