የማያፈስ ጣሪያ

በግቢያችን ክረምቱን ሙሉ የማያፈስ ቤት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የዶሮዎቹ። እኛ ሳሎን ውስጥ ባልዲና ሳፋ ደርድረን ጠብታ ስንቆጥር፣ እነሱ ቆጣቸው ላይ ላባቸውን ነፍተው ያንቀላፋሉ። የተገዛው ቆርቆሮ የሚበቃው ለአንዱ ቤት ብቻ ነበር። እኔ ጉንፋን ቢይዘኝ ዝንጅብል አፍልቼ እጠጣለሁ፤ ዶሮ ምን ታፈላለች? ባለቤቴ ግን ይህ ክርክር አይዋጥላትም።

አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለችና ሐምሌ ሲገባ የሰው ሁሉ ወሬ ብርድ ነው። ጎረቤታችን እማማ ጋቢያቸውን ተከናንበው በአጥር በኩል ብቅ ይላሉ። «አንተ ልጅ፣ ያንን ቀዳዳ ድፈነው እንጂ! ነፋስ ሊፈጃቸው ነው!» ቀዳዳ የሚሉት ከጣሪያው ሥር ሆን ብዬ የተውኩትን የአየር መውጫ ነው። ወጨፎ እንዳይገባበት ክፈፉን አስረዝሜለታለሁ፤ ሽለምጥማጥ እንዳይገባበት ደግሞ ሽቦ መትቼበታለሁ።

«እማማ፣ የዶሮ የሰውነት ሙቀት እኮ 41 ዲግሪ ገደማ ነው» እላቸዋለሁ። «ላባዋ ጋቢዋ ነው። ከጅራቷ ሥር የቅባት ዕጢ አለቻት፤ ከዚያ በመንቁሯ እየወሰደች ላባዋን ትቀባለች። ደረቅ እስከሆነች ድረስ ብርዱን ትችለዋለች። የሚጎዳት ከሥሯ የሚያድረው እርጥበት ነው። ኩሷ ከረጠበ ጉዝጓዝ ጋር ሲቦካ አሞኒያ ያወጣል፤ ቀዳዳውን ከደፈንኩት እሱን ስትምግ ነው የምታድረው፤ ዓይኗንም ሳንባዋንም ያቃጥላታል።» እማማ በትዕግሥት ያዳምጡኝና «ቢሆንም ነፋስ ነፋስ ነው» ብለው ይገባሉ።

ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያ ሥራዬ ሰጋቱራ መጨበጥ ነው። ከወለሉ አንድ እፍኝ አንስቼ ጭምቅ አደርግና እጄን እከፍታለሁ። ከተበተነ ደህና ነው። እንደተጨበጠ ከቀረ ግን ማዳበሪያዬን ይዤ ወደ ሰፈራችን አናጢ እሮጣለሁ። አናጢው የስንት ዶሮ ጌታ እንደሆንኩ መጠየቁ አልቀረም።

«ስምንት» አልኩት።

«ስምንት? ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ሰጋቱራ እየበሉት ነው እንዴ?»

እየበሉት አይደለም፤ ግን ኮክሲዲያ የሚባል ተውሳክ አለ። ከኩስ ጋር ሲወጣ ወዲያው አይጎዳም፤ እርጥበትና ሙቀት ካገኘ ግን በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይበስላል። ጫጩት ለቅማ ከዋጠችው ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይዟት ቁጭ ነው። ይህን ለአናጢው ስነግረው ከዚያ ወዲህ ሰጋቱራውን በነጻ ይሰጠኝ ጀመር፤ አዝኖልኝ ይመስለኛል።

ፉርሽካውንም ሻጋታ እንዳይነካው ከመሬት ከፍ አድርጌ በርብራብ ላይ አስቀምጣለሁ። የፈንግል ክትባቱም ከክረምቱ ቀድሞ ያልቃል። አስቸጋሪው የገላቸው ነገር ነው። ዶሮ የምትታጠበው በአፈር ነው፤ ደረቅ አፈር ላይ ተንከባልላ ቅማሏን ታራግፋለች። በክረምት ግቢው ጭቃ ነውና ደረቅ አፈር ከየት ይምጣ? ትልቁን ሳፋ ከሳሎኑ ጠብታ ሥር አንስቼ የምድጃ አመድና አሸዋ ሞላሁላቸው። አንዷ ገብታ ክንፏን ዘርግታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ አመዱን ጀርባዋ ላይ ስትበትን ላየ ሰው ፍልውሃ የገባች ወይዘሮ ነው የምትመስለው። ባለቤቴ ሳፋውን ስትፈልግ ውላ እዚያ አገኘችው። ምንም አላለችም፤ ዝምታዋ ግን ከነጎድጓዱ ይብሳል።

ይህ ሁሉ ተደርጎላቸው ታዲያ ዝናቡ ገና ካፊያ ሲሆን ተሻምተው ይወጣሉ። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ነውና፣ ከጭቃው የወጣ ትል ካዩ ጣሪያም ሰጋቱራም ትዝ አይላቸውም። ፍልሰታ ሲገባ ደግሞ እኛ ስንጾም እነሱ እንቁላሉን ያዥጎደጉዱታል፤ ቅርጫቱ ሞልቶ እያየን ሽሮ እንበላለን።

ጾሙ ተፈቶ እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ባለቤቴ ለዶሮዎቹ ያላት ፍቅር በድንገት ይጨምራል። በሩ ላይ ቆማ አውራውን ከእግር እስከ ኩክኒው ታየዋለች። እኔም ሆዴ ይባባና «ይሄን እንኳ እንተወው፤ ስንት የደከምኩበት ነው» እላለሁ።

«ክረምቱን ሙሉ በማያፈስ ቤት ኖሯል» አለችኝ፤ «ኪራዩን ይክፈል እንጂ!»